«ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ማለት ላቃታት እህቴ

ደብዳቤው ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ለእህቴ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን። 36 ዓመቴ ነው። አዳማ እኖራለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣ፤ ይኸው 14 ወር ሆነው። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቤቱ የቆመው በእኔ ደመወዝ ነው።

እናቴን ኩላሊቷን አሟት ሁለት ዓመት አስታመምኳት። ሐኪም ቤትም ጸበልም አመላለስኳት። ሱባኤ ያዝኩ። ብትድንልኝ ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳልኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዐረፈች።

ከዚያ ወዲህ ጸሎት ጠፋብኝ። ታኅሣሥ ላይ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው መኪና በከተማችን ሲያልፍ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ካህኑ 'ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን' ሲሉ ሕዝቡ ይቀበላል። 'ኮነ ፍሥሐ ወሰላም'፣ ደስታና ሰላም ሆነ፣ የሚለው ጋ ስንደርስ አፌ አልከፈት አለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ምግብ አይወርድልኝም። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበረኝ፤ ሦስት ወር ቀረሁ። ሰኔ ላይ ተራዬ ነው፤ በምን እደግሳለሁ? ለአንዲት እህት ብነግራት 'እምነትሽ ጎድሎ ነው፤ ሌላ ሱባኤ ያዢ' አለችኝ። እግዚአብሔር ትቶኛል? ወይስ እምነቴ ሞቷል? ጸሎት የጠፋባት።»

እህቴ፣ ሌላ ሱባኤ አትያዢ።

መጀመሪያ ይህን ልበልሽ። ሱባኤን ንቄ አይደለም። ያለነው ግን በሃምሳው ቀን ውስጥ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ስግደትም የለም። በዚህ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ልጆቿን ብሉ፣ ዕረፉ ትላለች። ምግብ የማይወርድላትን ሴት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ ፈጦ የሚያድርባትን ሴት፣ ለሁለት ዓመት አስታማሚ የሆነችን ሴት ደግሞ በጾም ላይ ጾም ጨምሪ ማለት አይገባም። አሁን አንቺን የሚያስፈልግሽ ሌላ ነው። እሱን ለመናገር ኤልያስ ጋ ልሂድ።

ኤልያስን የምናውቀው በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ከሰማይ እሳት ሲያወርድ ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ላይ ይገኛል። ገጹን ገልጠሽ ምዕራፍ 19ን ስታነቢ ግን ሌላ ሰው ታገኛለሽ። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች። ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አገልጋዩን እዚያ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። «ይበቃኛል» አለ። «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። ይህን ያለው እሳት ያወረደው ያው ነቢይ ነው። ከዚያ ጋደም ብሎ ተኛ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢው። እግዚአብሔር ለዚህ ሰው ምን አለው? እምነትህ ጎድሏል አላለውም። ትናንት ያደረግሁልህን ረሳህ ወይ ብሎም አልወቀሰውም። መልአክ ላከለት። መልአኩም የያዘው ስብከት አልነበረም። ዳሰሰው፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። ቀና ሲል ከራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። እንጎቻ ነው የሚለው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ። ያቺ እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ዙሪያቸውን ለሚዞር ልጅ የሚያወጧት ትንሽዬ እንጀራ። እናትሽም ጋግራልሽ ታውቅ ይሆናል። በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶ ተኛ። እግዚአብሔርም ይተኛ ብሎ ተወው። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ እንደገና ዳሰሰው። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው።

እኔ ይህን ክፍል ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወንድሜን ቀብሬ የመጣሁበት ዓመት ነበር። ተዝካሩ ወጣ፤ ሰዉ ተበተነ። እኔ ዳዊት ስከፍት ፊደሉ ይታየኛል፤ ቃሉ አይገባኝም። መጨረሻ ላይ መክፈቱንም ተውኩት። አንዲት ጎረቤቴ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ እናት። የሆነውን አልነገርኳቸውም፤ ፊቴን አይተው ዐወቁ። በማግስቱ ጠዋት ቆሎ በእጃቸው ይዘው መጡ። ቡና አፈሉ። ከዚያ ውዳሴ ማርያማቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና «አንቺ ዝም በይ፤ እኔ አደርስልሻለሁ» አሉኝ። በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ፣ ቀስ እያሉ የዕለቱን አነበቡ። በየቀኑ መጡ። ሁለት ወር ያህል የእኔን ጸሎት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አንድ መስመር ላይ ዓይናቸው ደከመ መሰለኝ፤ ቆሙ። ሳላውቀው እኔ ቀጠልኩላቸው። ምንም አላሉኝም። ስኒውን አነሱና ቡና ቀዱልኝ።

ለዚህ ነው ስለ ማኅበርሽ የጻፍሽው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ። ኤልያስ አገልጋዩን ቤርሳቤህ ትቶት ሄደ። አንቺም ማኅበርሽን ትተሽ ብቻሽን ክትክታው ሥር ተቀመጥሽ። የቀረሽው እምነት ስላጣሽ አይመስለኝም። ተራሽ ሲደርስ የምትደግሺበት ስለሌለሽ አፍረሽ ነው። ይህ ስንቱን ሰው ከማኅበር እንዳስቀረ ብታውቂ! ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጽዋው የሚዞረው ሰው እንዲገናኝ ነው እንጂ ድግስ እንዲፎካከር አይደለም።

ስለዚህ እባክሽ ይህን አድርጊ። የማኅበራችሁን መሪ፣ ሙሴውን፣ ለብቻ አግኝተሽ እውነቱን ንገሪያቸው። «ባለቤቴ ሥራ የለውም፤ እናቴን ቀብሬአለሁ፤ ዘንድሮ አቅሜ ዳቦና ጠላ ነው» በያቸው። ሰኔ ሚካኤል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ ማንም ዶሮ አይጠብቅብሽም። ያም ከከበደሽ ተራሽን ለሚቀጥለው ሰው አስተላልፉልኝ ማለት ትችያለሽ። ነውር የለውም። አንዱ ማኅበርተኛ ለባለቤትሽ ሥራ የሚጠቁም ቢሆንስ? ስለ ሥራ ማጣታችሁ ማንም ካላወቀ ማን ይጠቁማችሁ? ሰው የማያውቀውን ሸክም ሊያግዝሽ አይችልም።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ሽባ አስቢው። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ። ሕዝቡ በሩን ስለዘጋው ጣራ ነድለው አወረዱት። ወንጌላዊው ቀጥሎ የጻፈውን ተመልከቺ፤ ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን! የተሸካሚዎቹን። በሽተኛው ስለ ራሱ እምነት አንዲት ቃል ሲናገር አንሰማም። አልጋው ላይ ነበር፤ ተሸከሙት።

ይህ ነገር በቅዳሴው ውስጥም አለ። ጸሎተ ሃይማኖት የሚጀምረው «ነአምን» ብሎ ነው፤ እናምናለን። «አቡነ» እንላለን፤ አባታችን። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስንልም የዕለት እንጀራችንን ስጠን ነው የምንለው። አንቺ ለብቻሽ «አምናለሁ» ለማለት ጉልበት ባጣሽበት ቀን፣ አጠገብሽ የቆመችው ነጠላ የለበሰች የማታውቂያት ሴት ስላንቺም ጭምር እናምናለን ትላለች። የትንሣኤ ሌሊት አፍሽ አልከፈት ሲል ሕዝቡ ሁሉ «ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ብሏል። አንቺም በመካከላቸው ቆመሽ ነበር። ዝም ብለሽ መቆምሽን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ልብሽ ባዶ ሆኖ፣ በዚያ ሌሊት እዚያ መገኘትሽ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ደግሞ አስታውሺ። ማክሰኞው የቶማስ ነው። እሑዱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ጌታ ከስምንት ቀን በኋላ ተመልሶ ለቶማስ የታየበት። ሌሎቹ ሐዋርያት «ጌታን አየነው» ሲሉት ቶማስ ካላየሁ አላምንም ብሏል። ስምንት ቀን ሙሉ እነሱ ደስ ብሏቸው፣ እሱ ደስታው ሳይገባው አብረው ቆዩ። አላባረሩትም። እሱም አልሄደም። ጌታም ለዚያ ለአንዱ ሲል ተመለሰ፤ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብሎ እጁን አሳየው። ቤተ ክርስቲያናችን በደስታዋ ሳምንት መካከል ለቶማስ ቀን ሰጥታዋለች። ለአንቺም ቦታ አላት።

ወደ ጸሎቱ ልምጣ። ጸሎት ጠፋብኝ አልሽ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። «እግዚአብሔር ትቶኛል?» ብለሽ የጻፍሽው ጥያቄ ዳዊት ውስጥ ያለ ነው። መዝሙር 12ን ክፈቺ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ተብሎ ነው የተቆጠረው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህ መዝሙር የሚደገመው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰኞ ነው። ዳዊትን በሳምንቱ ቀን ከፍለው የሚደግሙ አባቶችና እናቶች ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያደርሳሉ። ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 ነው፤ እዚያ ውስጥ 41ኛው ላይ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለው አለ። ሐሙስ 87ኛው ይደርሳል። እሱ ከሁሉም የጨለመው ነው። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። እሱ አይዞርም። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ላይ ያበቃል።

አየሽ፣ ምሬቱ የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ቀን ተቆርጦለት ተቀምጧል። በየሳምንቱ፣ ደስ ያለውም የከፋውም፣ «እስከ መቼ?» ይላል። አንቺ እንደ ክሕደት የፈራሽውን ቃል ቤተ ክርስቲያን አፍሽ ላይ አድርጋልሻለች። ልዩነቱ አንድ ነው። ዳዊት ምሬቱን የሚነግረው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። ሰው ለማያምንበት አምላክ «ለምን ረሳኸኝ?» አይለውም። አንቺ በሩን ዘግተሽ ቁልቢ የሚሄደውን መኪና ድምፅ ስትሰሚ ያዘንሽው በማን ላይ ነበር? የሞተ እምነት እንዲህ አያዝንም።

ቀቢጸ ተስፋ፣ ማለትም ተስፋ መቁረጥ፣ ከባድ ኃጢአት ነው ሲባል ሰምተሽ ፈርተሽም ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ በእስያ የደረሰባቸውን መከራ ሲጽፍ «ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ከዓቅማችን በላይ ያለ ልክ ከበደብን» ይላል። ሐዋርያው ይህን አልደበቀም። ለምእመናን ጻፈው።

ስለዚህ ለጊዜው ሙሉውን ዳዊት ተይው። አንድ ንጉሥ ማለትም አሥሩን መዝሙር ማድረስ እንኳ አይጠበቅብሽም። ሰኞ ጠዋት 12ኛውን ብቻ አንብቢ። ስድስት ቁጥር ናት። ልብሽ ባይሞቅም አንብቢው። ማንበብ ካቃተሽ የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣውን አባት ቃል ያዢ፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። ማርቆስ 9 ላይ ነው ያለው። ጌታም ልጁን ፈወሰለት፤ መጀመሪያ እምነትህን ጨርሰህ ና አላለውም። ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ ደግሞ ከራስሽ ጋር አትሟገቺ። መቁጠሪያ ካለሽ ያዢና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። 41 ጊዜ ሳይሞላ እንቅልፍ ቢወስድሽ እሰየው፤ ተኚ። ኤልያስም ተኝቷል።

ስለ ስለቱ አጭር ነገር ልበል። ብትድንልኝ ብለሽ ነው የተሳልሽው። አልዳነችም። ዕዳ ያለብሽ አይመስለኝም፤ ለማንኛውም የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። ከዚህ በላይ ግን «ለምን አልሰማኝም? ምን አጉድዬ ነው?» እያልሽ የሁለት ዓመቱን ቀን በቀን አትመርምሪ። እናትሽን ሐኪም ቤትም ጸበልም ወስደሻታል። አስታምመሻታል። ያቺ እህት የኢዮብ ወዳጆች የሠሩትን ስሕተት ነው የሠራችው። እነሱም መጀመሪያ ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው ያበላሹት።

አንድ ነገር ግን ሳልጠነክርብሽ አላልፍም። እንቅልፍ ማጣትሽ፣ ምግብ አለመውረዱ፣ የሁሉም ነገር ባዶ መሆን፤ ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ድባቴ ሊሆን ይችላል። የሚታከም ሕመም ነው። በዚህ ሳምንት ወደሚቀርብሽ የመንግሥት ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ጤና ክፍል አሳዩኝ በይ። ለመሞት የማሰብ ነገር ካለ ደግሞ ነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ይዞሽ ይሂድ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እግዚአብሔርን አለመታመን አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ጸበሉን የሚያስተውሽም የለም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ተናግረዋል። ለአንቺም እንደዚያው ነው።

ኤልያስ በበላው እንጎቻ ብርታት 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። እዚያ እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለው። ኤልያስ ብሶቱን ተናገረ። ነፋስ መጣ፣ የምድር መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ፤ ከሁሉም በኋላ ትንሽ የዝምታ ድምፅ ሆነ። እግዚአብሔርም ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። ኤልያስ ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ? ያንኑ ብሶት፣ ቃል በቃል። ያን ሁሉ አይቶም አልቀለለውም ነበር። እግዚአብሔር ግን ሁለቴም ሰማው። ከዚያ ሥራ ሰጠው፤ ኤልሳዕን ሰጠው። ብቻዬን ቀረሁ ላለው ሰው 7000 ሰዎች አሉኝ አለው። 

ስለዚህ ዛሬ ማታ ራት ብዪ፤ ትንሽም ቢሆን። ልጆችሽ ካጎረሱሽ ጉረሺ። ለሙሴው ደውዪላቸው። ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን ቀን ከባለቤትሽ ጋር ቁረጪ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት 12ኛውን መዝሙር ክፈቺ። እኔም በዚያው ሰዓት ከፍቼ አነበዋለሁ፤ አንቺ ካቃተሽ አደርስልሻለሁ።

በደብዳቤሽ ላይ ግን የክርስትና ስምሽን አልጻፍሽልኝም። ላኪልኝ። የእናትሽንም ጨምሪበት።